ሶፍ ዑመር ላይ መብራት ከመትከላችን በፊት

ሶፍ ዑመር ዋሻ ውስጥ የዌብ ወንዝን የተሻገርኩት ጫማዬን በእጄ አንጠልጥዬ ነው። ውሃው ጉልበቴ ጋ ይደርሳል። ሥሩ ያለው ድንጋይ ያንሸራትታል። አስጎብኚያችን የአካባቢው ልጅ ነው። ባትሪውን ወደ ኋላ እያበራልኝ «አብሽር፣ እኔ የረገጥኩበትን ብቻ ርገጥ» ይለኛል። በጋ ስለሆነ ነው እንጂ ዝናብ ሲጥል እዚህ ቦታ ሰው ቆሞ አያወራም።

ሦስተኛውን መሻገሪያ አልፈን ደረቅ መሬት ላይ ስንወጣ ባትሪውን አንድ ዓምድ ላይ አሳረፈው። ነጣ ያለ፣ ውሃ ለብዙ ሺህ ዓመታት ያለሰለሰው ድንጋይ ነው። በሰው ቁመት ልክ በቀይ ቀለም ስም ተጽፎበታል። ከሥሩ ዓመተ ምሕረት አለ። ከጎኑ ደግሞ ልብ ተሥሏል።

«ይሄ አይለቅም?» አልኩት።

«ሞክረን ነበር። ሲፋቅ ድንጋዩም አብሮ ይላጣል።»

ያለሁት ሶፍ ዑመር ነው፤ ባሌ፣ ከሮቤ ወደ ምሥራቅ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዤ። ያ ቀይ ስም በጣም አናደደኝ። መንገድ ላይ ስመለስ ግን ሌላ ነገር ነበር የሚመላለስብኝ። ቀለም የያዘ ጎረምሳ የሚያደርሰው ጉዳት ቢያንስ ይታያል። በጥሩ ሐሳብ፣ በበጀት፣ በኮንትራት የሚደርሰው ጉዳት ግን ለዓመታት ላይታይ ይችላል።

ቱሪዝም በአገራችን ትልቅ ጉዳይ ሆኗል። ገበታ ለሸገር፣ ገበታ ለሀገር፣ ገበታ ለትውልድ እየተባለ ሐይቅ ዳርና ጫካ ውስጥ ሎጅ ተሠርቷል፣ መንገድ ወጥቷል። እኔ ይህን አልቃወምም። አስፋልት ሲገባ ለአንድ ገጠር ከተማ ምን ማለት እንደሆነ የባሌን አቧራ የቀመሰ ሰው ያውቀዋል። ተራው ወደ ዋሻዎች መምጣቱም አይቀርም። ሶፍ ዑመር ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ ጊዜያዊ መዝገብ ላይ ተቀምጧል። ነገር ግን ሐይቅ ዳር የሚያስኬድ አሠራር ዋሻ ውስጥ አያስኬድም። ለምን እንደሆነ ለመናገር ዋሻ እንዴት እንደሚፈጠር መጀመር አለብኝ።

የሶፍ ዑመር ድንጋይ የኖራ ድንጋይ ነው። ያ የባሌ ምድር ከመቶ ሚሊዮን ዓመታት በላይ ወደ ኋላ ስንሄድ ባሕር ነበር፤ ድንጋዩም የዚያ ባሕር ዝቃጭ ነው። ዝናብ ሲጥል ውሃው አፈር ውስጥ ይሰርጋል። እዚያም ከዕፅዋት ሥርና ከሚበሰብስ ቅጠል የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ይወርዳል። አምቦ ውሃን የሚያፈላው ጋዝ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ውሃ ትንሽ ይኮመጥጣል፤ የኖራ ድንጋይ ደግሞ ኮምጣጣ ነገር አይችልም። ውሃው በስንጥቁ እየገባ ጥቂት በጥቂት ያሟሟዋል። ስንጥቁ ይሰፋል፤ ሲሰፋ መተላለፊያ ይሆናል፤ በመጨረሻ ወንዝ ራሱ ይገባበታል። ዌብ በላይ መሄዱን ትቶ ኮረብታውን በስቶ የገባው በዚህ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 የእንግሊዝ አሳሾች ውስጡን ለክተው 15.1 ኪሎ ሜትር መተላለፊያ መዝግበዋል። በአገራችን ከተለኩት ዋሻዎች ረጅሙ እሱ ነው።

ውሃው ያፈረሰውን መልሶ ይሠራል። ድንጋይ ያሟሟ ጠብታ ዋሻው ጣሪያ ላይ ሲደርስ የያዘው ጋዝ ይለቀዋል። ጋዙ ሲለቅ የተሟሟውን ድንጋይ መሸከም አይችልም፤ ጥሎት ይወድቃል። ድሬዳዋ የኖረ ሰው ይህን ከማንቆርቆሪያው ያውቀዋል፤ ውስጡ የሚጋገረው ነጭ ነገር ያው ነው። ከጣሪያ የሚንጠለጠሉትና ከወለል የሚያድጉት ድንጋዮች በዚህ መልክ ጠብታ በጠብታ ይሠራሉ። ብዙ ጊዜ አንድ ዓመት ሙሉ የሚጨምሩት ከአንድ ፀጉር ውፍረት ብዙም አይበልጥም። አንድ ስንዝር ለመርዘም ሺህ ዓመትና ከዚያ በላይ ሊፈጅ ይችላል። ለማስታወሻ ተብሎ ተሰብሮ ኪስ የሚገባው ቁራጭ ዕድሜ እንግዲህ ይህን ያህል ነው።

ሁሉም ዋሻ እንዲህ አይሠራም። በሰሜኑ ደጋ ብዙ ዋሻ የሚፈጠረው ጠንካራ ዓለት ከላይ፣ ለስላሳው ከሥር ሲሆን ነው። ለስላሳው ይሸረሸራል፤ ጠንካራው ጣሪያ ሆኖ ይቀራል። ሰው የፈለፈለው ውቅር ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ በወሬ «ዋሻ» ብንለውም ተፈጥሮ የሠራው አይደለም። አፈጣጠራቸው ቢለያይም ወደ ጥልቁ የሚዘልቁት ዋሻዎች አንድ የጋራ ጠባይ አላቸው። አይለዋወጡም። ውጭ ፀሐይ ቢነድ፣ ሌሊቱ ቢቀዘቅዝ፣ ውስጥ ያለው አየር ዓመቱን ሙሉ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው። ብርሃን የለም። ነፋስ ብዙ አይገባም። በዚህ ጽሑፍ የማነሳው ነገር ሁሉ ከዚህ ጠባይ ይመጣል።

ምዕራብ ሐረርጌ መጫራ አካባቢ ያሉ ዋሻዎችን እንውሰድ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የሥነ ምድር ተመራማሪ አስፋወሰን አስራት ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ለዓመታት ከወለል የሚያድጉትን ድንጋዮች አጥንቷል። ድንጋዩ ሲቆረጥ ውስጡ እንደ ዛፍ ቀለበት በቀለበት ነው። በየዓመቱ አንድ ስስ ንብርብር ይጨምራል። ዝናብ በበዛበትና ባነሰበት ዓመት ንብርብሩ ይለያያል፤ ይዘቱም ይለያያል። ከብዙ መቶ ዓመት በፊት ሐረርጌ ላይ የዝናብ መለኪያ ያስቀመጠ ሰው አልነበረም። ድንጋዩ ግን ይመዘግብ ነበር። ድርቅ በየጊዜው ለሚመታው አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የዝናባችን ታሪክ የተጻፈው እዚያ ነው።

ጋሞ ደጋ ላይ ደግሞ ሞጣ የሚባል ዋሻ አለ። ተመራማሪዎቹ ያገኙት በራሳቸው ብልሃት አልነበረም፤ የአገር ሽማግሌዎች መርተው አሳዩአቸው። እ.ኤ.አ. በ2012 ወለሉ ሲቆፈር ከ4,500 ዓመት በፊት የተቀበረ ሰው ተገኘ። ባይራ ተባለ፤ በጋሞኛ የበኩር ልጅ እንደ ማለት ነው። ከራስ ቅሉ፣ ከጆሮው በኩል ካለው ጠንካራ አጥንት ዲኤንኤ ወጣ። ውጤቱ በ2015 ሲታተም ከአፍሪካ ምድር ሙሉ በሙሉ የተነበበ የመጀመሪያው ጥንታዊ የዘር መዝገብ ሆነ። ሞቃት አገር ላይ ዲኤንኤ ቶሎ ይበላሻል፤ ባለሙያዎቹም ከአፍሪካ ብዙ ተስፋ አያደርጉም ነበር። ባይራን ያቆየው ዋሻው ነው። ቀዝቃዛና ደረቅ ነበር።

እዚያው ባሌ ተራሮች ላይ፣ 3,469 ሜትር ከፍታ ላይ ፊንጫ ሀበራ የሚባል የዓለት መጠለያ አለ። ከ40 ሺህ ዓመት በፊት በላይ ሰዎች እዚያ እሳት አንድደው ትልቁን የባሌ ፍልፈል ጠብሰው በልተዋል። የተቃጠለው አጥንት አሁንም ይገኛል። ድሬዳዋ አጠገብ ያለው፣ ፈረንሳዮች በጃርት ስም «ፖርክ ኤፒክ» ያሉት ዋሻ ውስጥ ደግሞ 40 ኪሎ የሚሆን ቀይ አፈር ተገኝቷል፤ ከ4,200 በላይ ቁርጥራጭ፣ ዕድሜው 40 ሺህ ዓመት አካባቢ። ሰዎች እየፈጩ ቀለም ያወጡበት ነበር። እውነቱን ለመናገር ይህን ሳነብ ሶፍ ዑመር ላይ ያየሁት ቀይ ስም ትዝ አለኝ። ዋሻ ውስጥ ቀለም መያዝ የዛሬ ነገር አይደለም። ልዩነቱ ያኛው የመጣው የሌላውን ሳይደመስስ መሆኑ ነው።

ዋሻ ሰውንም ጠብቋል። አማርኛችን ራሱ ይህን ያውቃል፤ ዱር ቤቴ ያለ ሰው መጨረሻው ዋሻ ነው። ስለ አንዱ ዋሻ ግን ማለፍ ስለማልችል ሰፋ አድርጌ እጽፋለሁ።

መንዝ ውስጥ፣ ዘረት የሚባል ቦታ ላይ አመፀኛ ዋሻ የሚሉት አለ። በጣሊያን ወረራ ዘመን ከአበበ አረጋይ ጋር የተሰለፉ አርበኞች ገቡበት። ብቻቸውን አልነበሩም። ሚስት፣ ልጅ፣ ሽማግሌና ቁስለኛ አብሮ ነበር። እህል ይዘዋል፣ ዕቃ ይዘዋል። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. መጀመሪያ የጣሊያን ጦር ከበባቸው። ፋሲካ በዚያ ዓመት የዋለው ሚያዝያ 1 ቀን ነበር። ሰው ጾም ፈትቶ እንቁላልና ዶሮ በሚቀርብበት ሰሞን ማለት ነው።

ጣሊያኖቹ ገብተው መዋጋት አልቻሉም። የዋሻ አፍ ጠባብ ነው፤ ውስጥ ያለው ውጭውን ያያል፣ ውጭ ያለው ውስጡን አያይም። ስለዚህ የመርዝ ጋዝ ተጠቀሙ። የሰናፍጭ ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ወደ ታች ይወርድና ጎድጓዳ ቦታ ላይ ይተኛል። ዋሻ ደግሞ አየሩ የማይንቀሳቀስ ቤት ነው። ባይራን 4,500 ዓመት ያቆየው ያው ጠባይ እዚህ ሰው ፈጀ። ነፋስ ገብቶ የሚጠርገው ነገር አልነበረም። ከሞት ተርፈው እጃቸውን ሰጥተው የወጡት ወንዶች ደግሞ ተረሸኑ። ያለቀው ሰው ብዙ መቶ ነው።

ይህ ታሪክ ከአካባቢው ሰው አፍ ባይጠፋም ለቀረው ዓለም ለረጅም ጊዜ ተሰውሮ ቆይቷል። ማቴዎ ዶሚኒዮኒ የሚባል ጣሊያናዊ የታሪክ ተመራማሪ በራሱ አገር የጦር መዝገብ ውስጥ ሰነዱን አግኝቶ እ.ኤ.አ. በ2006 ቦታው ድረስ መጣ። ከዚያ የስፔንና የኢትዮጵያ የሥነ ቁፋሮ ባለሙያዎች ገብተው አጠኑት። ያገኙት የጦር ሜዳ ብቻ አልነበረም። የተሰባበረ ሸክላ፣ የእህል ማስቀመጫ፣ ምድጃ፣ የሰው አጥንት። ቤት ነበር ያገኙት። ሰዎቹ ከገቡበት ቀን ጀምሮ ኑሯቸውን ሲኖሩ እንደነበር ዕቃው ይናገራል።

አሁን ዘረት ላይ «የቱሪስት መዳረሻ» የሚል ታፔላ አስቡ። ባለ ቀለም መብራት፣ ከኋላ ሙዚቃ፣ ፎቶ መነሻ ቦታ። እኔ ሳስበው ሰውነቴ ይሰቀጥጠኛል። ሰው ሄዶ ማየት የለበትም እያልኩ አይደለም። የእያንዳንዳችን ልጅ ሊያውቀው ይገባል። ግን መቃብር የሚገባበት አገባብ አለው፤ ያንን ደግሞ የመንዝ ሰው ከማንም በላይ ያውቃል።

ሃይማኖቱም የራሱን አገባብ ሠርቷል። ላሊበላ አጠገብ ነአኩቶ ለአብ ገዳም ሄጄ ካየሁት ዕቃ ሁሉ አእምሮዬ ውስጥ የቀረ የለም፤ የማስታውሰው ጠብታውን ነው። ከዋሻው ጣሪያ ውሃ ይንጠባጠባል። ከሥሩ ከዘመን ብዛት የተቦረቦሩ ድንጋዮች እንደ ገበታ ተደርድረው ይቀበሉታል። ያ ውሃ ጸበል ነው። ማንም ተነሥቶ ቧንቧ አልቀጠለበትም። ሲሞላ ይቀዳል፤ ካልሞላ ይጠበቃል። ብዙም ሳይርቅ ይምርሐነ ክርስቶስ አለ፤ በዛግዌ ዘመን፣ በዋሻ ሆድ ውስጥ በእንጨትና በኖራ በተለሰነ ድንጋይ ተደራርቦ የተሠራ ቤተ ክርስቲያን። ዝናብ ሳይነካው ዘጠኝ መቶ ዓመት ገደማ ቆሟል። ከጀርባው የብዙ ተሳላሚዎች አፅም ተጋድሟል። ሶፍ ዑመርም ስሙን ያገኘው በዋሻው ተጠልለው እንዳስተማሩ ከሚነገርላቸው ሼህ ሶፍ ዑመር ነው። ዛሬም ሙስሊሞች ለዚያራ ይመጣሉ። የአካባቢው ኦሮሞ ደግሞ ከዚያም በፊት ቦታውን ያከብረው እንደነበር ይነገራል።

እነዚህ ቦታዎች እስከ ዛሬ የቆዩት ሰው ስላልገባባቸው አይደለም። ሰው በብዛት ገብቷል። ግን ጫማውን አውልቆ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በተወሰነ ቀን፣ በተወሰነ ሰዓት ነው የገባው። የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ ዛሬ በወረቀት የሚያወጣው መመሪያ ከዚህ ብዙም አይርቅም።

ስለ ሌሊት ወፍ ሳልናገር ማለፍ አልችልም፤ በተለይ ዘንድሮ። ኅዳር 2018 ዓ.ም. ጂንካ ላይ የማርበርግ በሽታ መከሰቱ ሲረጋገጥ ብዙ ሰው ስለ ሌሊት ወፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማ። በአገራችን ሲረጋገጥ የመጀመሪያው ነበር። ቫይረሱን በተፈጥሮ የሚሸከመው አንድ የታወቀ ፍራፍሬ በል ዝርያ ነው፤ ዋሻና የማዕድን ጉድጓድ ውስጥ በሺዎች ሆኖ ይሰፍራል። ሩዋንዳ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2024 የተነሣው ወረርሽኝ መነሻው እንዲህ ያለ የሌሊት ወፍ በሰፈረበት የማዕድን ዋሻ ይሠራ የነበረ ሰው እንደሆነ ተደርሶበታል። ኡጋንዳ ውስጥም ፓይተን ዋሻን የጎበኘች አንዲት የኔዘርላንድ ቱሪስት እ.ኤ.አ. በ2008 በዚሁ በሽታ ሞታለች።

ይህን የሰማ ሰው መጀመሪያ የሚመጣለት ሐሳብ ይገባኛል። «ታዲያ ለምን አናጠፋቸውም? ዋሻውን ማጠን፣ አፉን መድፈን!» ይህ ተሞክሯል። ኪታካ በሚባለው የኡጋንዳ ማዕድን ማውጫ ሠራተኞች እ.ኤ.አ. በ2007 ታመው ነበር። ከዚያ የሌሊት ወፎቹን ጨርሰው አጠፏቸው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ቦታው ባዶ ስለሆነ ሌሎች ከየአቅጣጫው መጥተው ሰፈሩበት። አዲሶቹ ሲመረመሩ ቫይረሱ የተገኘባቸው 13 በመቶ ገደማ ነበሩ። ቀድሞ ከነበሩት ውስጥ ግን 5 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር የተገኘበት። በ2012 በዚያው አካባቢ ወረርሽኝ ተነሣ። ማጥፋቱ ነገሩን አባሰው እንጂ አላቆመውም።

የሠራው ነገር ሌላ ነው። ፓይተን ዋሻ ጋ ከአፉ ራቅ ብሎ መስታወት ያለው ክፍል ተሠራ። ጎብኚው ከዚያ ሆኖ ያያል፤ ወፎቹም አይረበሹም፤ እሱም አይታመምም። ለእኛም ይህ ነው የሚበጀው። የትኛው ዋሻ ውስጥ የትኛው ዝርያ እንዳለ ጎብኚ ከማስገባት በፊት ይጠና። በአገራችን ከ70 በላይ የሌሊት ወፍ ዝርያ አለ፤ ብዙዎቹ ነፍሳት ለቃሚ ናቸው። ሌሊቱን ሙሉ ትንኝና የሰብል ተባይ ሲለቅሙ ያድራሉ። ከወፍም ከአይጥም አይደለችም እያልን የምንተርትባት ፍጥረት ለገበሬው ያለ ደሞዝ የምትሠራ ናት። ጨለማው ውስጥ ደግሞ ሣር አይበቅል፣ ቅጠል የለ፤ እዚያ የሚኖሩት ጥቃቅን ነፍሳት የሚበሉት በአብዛኛው የሷን ኩስ ነው። እሷ ከለቀቀች ዋሻው ይራባል።

በሽታ የሚያስተላልፉት እነሱ ብቻ አይደሉም። ሰሜን አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ አንድ ነጭ ሻጋታ ሚሊዮኖች የሌሊት ወፎችን ፈጅቷል። ሻጋታው የአውሮፓ ነው። ወደዚያ የወሰደው የዋሻ ጎብኚ ጫማ ወይም ልብስ ሳይሆን እንደማይቀር ነው ባለሙያዎቹ የሚያምኑት።

ወደ መብራቱ ልመለስ። ዋሻ ለጎብኚ ሲከፈት ምን እንደሚሆን ለማወቅ መገመት አያስፈልገንም፤ ፈረንሳዮች ከፍለው ተምረውታል። ላስኮ የሚባለው ዋሻ እ.ኤ.አ. በ1940 በጎረምሶች ተገኘ። ግድግዳው ከ17 ሺህ ዓመት በፊት ገደማ በተሣሉ በሬዎች፣ ፈረሶችና አጋዘኖች የተሞላ ነው። በ1948 ለሕዝብ ተከፈተ፤ በጥቂት ዓመት ውስጥ በቀን እስከ 1,200 ሰው ይገባ ጀመር። እነዚያ ሰዎች ምንም አላበላሹም። ግድግዳ አልነኩም፣ ስም አልጻፉም። ያደረጉት አንድ ነገር መተንፈስ ነው።

የሰው ትንፋሽ እርጥበትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ አለው። ከላይ ያነሳሁት የአምቦ ውሃ ሥራ እዚያ ክፍል ውስጥ ተጀመረ። ግድግዳው ላይ ያረፈው እርጥበት ጋዙን ይዞ ድንጋዩን ይበላል፤ ሲደርቅ ደግሞ ሥዕሉ ላይ ነጭ ቅርፊት ይጥላል። መብራቱ ሲበራ አረንጓዴ አልጌ በቀለ። 17 ሺህ ዓመት የቆየው ሥዕል በ15 ዓመት ውስጥ አደጋ ላይ ወደቀና በ1963 ዋሻው ተዘጋ። ታሪኩ በዚያ አላበቃም። አየሩን ለማስተካከል አዲስ ማሽን ከተተከለ በኋላ በ2001 ደግሞ ነጭ ሻጋታ ወረረው። ለመጠበቅ ተብሎ የገባው መሣሪያ ራሱ ሚዛኑን አናጋው። ዛሬ ጎብኚ የሚያየው አጠገቡ የተሠራውን ቅጂ ነው።

ሶፍ ዑመር ላስኮ አይደለም። ሰፊ ነው፣ ብዙ አፍ አለው፣ ወንዝ ያልፍበታል፣ አየሩም ይንቀሳቀሳል። ትንፋሽ እንደዚያ አይጎዳውም ብዬ አስባለሁ። ግን ከዋናው መንገድ የሚገነጠሉ ጠባብ መተላለፊያዎች አሉት፤ እዚያ ያለው አየር ሌላ ነው። ኃይለኛ መብራት ሌሊት ከቀን ከበራ አልጌው ይመጣል፤ የሌሊት ወፎቹ ይለቃሉ። ሲሚንቶ ደግሞ አንዴ ከፈሰሰ አይነሣም።

የተሻለ ምሳሌ ካስፈለገ ኒውዚላንድ አለ። ዋይቶሞ ዋሻ ጣሪያው ላይ በሚያበሩ ትሎች የታወቀ ነው፤ ጎብኚው ብዙ ነው፣ ገቢውም ጥሩ ነው። ውስጡ የአየር መለኪያ ተተክሏል። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከሚሊዮን 2,400 እጅ ላይ ሲደርስ ሰው ማስገባት ይቆማል። አለቃ መጣ፣ እንግዳ መጣ ተብሎ አይታለፍም፤ ቁጥሩ ነው የሚወስነው። ሌላም ነገር አለ፤ እኔን የበለጠ የገረመኝ እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 መሬቱና ዋሻው ለቀድሞ ባለቤቶቹ፣ የአገሩ ነባር ሕዝብ ለሆኑት ማኦሪዎች ዝርያዎች ተመለሰ። ዛሬ ከገቢው ይካፈላሉ፤ በአስተዳደሩም ድምፅ አላቸው።

ይህን ሳነብ ያ ባትሪ የያዘ ልጅ ፊቴ ላይ መጣ። የት ጋ ውሃው እንደሚጠልቅ፣ የትኛው ድንጋይ እንደሚያንሸራትት፣ የሌሊት ወፎቹ በየትኛው ወር የት እንደሚሰበሰቡ ያውቃል። ይህን ዕውቀት ያገኘው ከአባቱ ነው። ነገ አጥር ታጥሮ፣ ቲኬት ቢሮ ተከፍቶ፣ ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ከከተማ ሲመጣ እሱ የት ይቆማል? ውጭ ቆሞ ውሃ የሚሸጥ ከሆነ ዋሻው ጠባቂውን አጥቷል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ቀይ ቀለም ይዞ የሚገባውን ማን ያስቆመዋል?

እንደኔ ከማንኛውም ግንባታ በፊት አንድ ሙሉ ዓመት መለካት አለበት። ሙቀት፣ እርጥበት፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ የሌሊት ወፍ ቆጠራ። መሣሪያው ከአንድ ሎጅ ዋጋ ጋር ሲተያይ እዚህ ግባ የሚባል ገንዘብ አይጠይቅም። ባለሙያውም ከውጭ አይመጣም፤ መጫራ ላይ ለዓመታት ጠብታ ሲለኩ የኖሩ የራሳችን ሰዎች አሉን። የሚበራው መብራት ሰው ሲያልፍ ብቻ የሚበራ፣ ሙቀት የማያወጣ ይሁን። ከዋሻው አብዛኛው ክፍል ደግሞ ጭራሹን ይጨልም። ለዚያራ የሚመጡት ሰዎች ቀናቸው ይከበር፤ በዚያ ቀን ቱሪስት ቢቀርስ?

ከዋሻው ስንወጣ ልጁን ስለ ድልድይ ጠየቅኩት። ወንዙን እየተሻገሩ ጫማ ማውለቅ ለሽማግሌ ሰው ይከብዳል፤ ድልድይ ቢሠራ ጥሩ አይሆንም ወይ አልኩት። ቆም ብሎ አሰበ።

«ለሰው ጥሩ ነው» አለኝ። «አሁን ግን ውሃው ሲሞላ ማንም አይገባም። ያኔ ወፎቹ ብቻቸውን ናቸው።»

ድልድዩ ዓመቱን ሙሉ ያስገባል። እኔ ይህን አላሰብኩትም ነበር። ጫማዬን ሳደርግ ዌብን ዞሬ አየሁት። ቡናማ ነው፣ ድምፁ ጸጥ ያለ ነው። ለጊዜው የዋሻውን በር በየዓመቱ የሚዘጋውና የሚከፍተው እሱ ነው።